የምክር ዓምድ፦ «ልጄ ወንድሟን የምትወስድ ክፉ ሴት እየጻፈች ነው»

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። የ15 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለፈው ሳምንት የሴቷን አንሶላ ስቀይር ከፍራሹ ሥር አንድ ደብተር አገኘሁ። ባለ መቶ ሉክ ነው፣ ሊያልቅ ስምንት ሉክ ቀርቶታል። የትምህርት ደብተር መስሎኝ ገለጥኩት። ልብ ወለድ ነው። አንብቤ ስጨርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ታሪኩ የአንዲት ልጅና የታናሽ ወንድሟ ነው። ሌሊት ሌሊት ጥላ የሌላት ሴት ከመስኮቱ ውጪ ትቆማለች። ከመምጣቷ በፊት ወፍ መስታወቱን ይመታል። ልጅቷ ወንድሟን በሕልሟ ስታየው ዓይኑ ታስሮ፣ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ተኝቷል። ሴትየዋ ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ወስዳለች። የት ናቸው ስትባል «አያታቸው አገር» ትላለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መጀመሪያ መስኮቱን የከፈተችላት ራሷ እህትየው መሆኗ ነው። ደብተሩ የሚያቆመው ሴትየዋ የልጁን የክርስትና ስም ንገሪኝ ስትላት ነው።

ከየት አመጣችው? የውጭ ፊልም አይታ ይሆን? እኔ በሁለቱ ልጆቼ መሃል ሁለት ሕፃናት ሞተውብኛል። ሐኪሞቹ ሾተላይ ነው አሉኝ። እሷ ያኔ 3 እና 5 ዓመቷ ስለነበር አታስታውስም። «አያትሽ ጋ ሄዱ» ብለናት ነበር። ትንሹ በሐኪም ክትትል ተረፈልኝ። ቢጫ ሆኖ ስለተወለደ ሳምንት ያህል ሆስፒታል ቆይተናል።

የባለቤቴ እህት ደብተሩን አይታ «ክፉ መንፈስ ነው ያጻፋት፣ አቃጥዪው፣ ጸበል ውሰጃት» አለችኝ። እሷ ድሮም ለልጄ ጥሩ ዓይን የላትም። ሁለተኛው ሕፃን የሞተ ጊዜ «ይቺ ልጅ እግሯ ደረቅ ነው፣ ከኋላዋ የሚመጣ አይበረክትም» ብላ ሰው ፊት ተናግራለች። ልጄ ትምህርቷ ደህና ነው። ትበላለች፣ ትስቃለች። ማታ ግን ከወንድሟ አልጋ አጠገብ ካልተኛሁ ትላለች። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንሽ። ደብተሩን አታቃጥዪው። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጅሽ የጻፈችው ከፊልም የመጣ አይመስለኝም። ከውጭ የገባ መንፈስም አይመስለኝም። የጻፈችው የቤታችሁን ታሪክ ነው። አታስታውስም ያልሽውን ታስታውሳለች። በልጅ ዓይን ያየችውን፣ በልጅ ጆሮ የሰማችውን ነው የምታስታውሰው።

ሰማያዊውን ብርሃን እንይ። ቢጫ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በብዛት የሚታከመው ሰማያዊ መብራት ሥር ተኝቶ ነው። ልብሱን ያወልቁለታል። ብርሃኑ ዓይኑን እንዳይጎዳው በጨርቅ ይሸፍኑለታል። አንቺም አጠገቡ ተቀምጠሽ ስንት ሌሊት አይተሽዋል። ልጅሽ ያኔ 8 ዓመቷ ነበር። አባቷ ወንድምሽን እዪ ብሎ ወስዷት ይሆናል። በበር በኩል፣ በመስታወት በኩል አይታው ይሆናል። እስቲ አስቢው። ከዚያ በፊት ሁለት ሕፃናት ይመጣሉ ተብለው ቤት ሳይደርሱ ቀርተዋል። ሦስተኛው ራቁቱን፣ ዓይኑ ታስሮ፣ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ተኝቷል። ምን እያደረጉት እንደሆነ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገራትም። እኔም በ8 ዓመቴ ያንን ባይ እየወሰዱብኝ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ወፉስ? ሕፃን ቢጫ ሲሆን እኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። የወፍ በሽታ ነው የምንለው። ጠያቂዎች አልጋሽ አጠገብ ቆመው «የወፍ በሽታ ነው አሉ» ሲባባሉ ሰምታ ከሆነ፣ ለ8 ዓመት ልጅ ወፍ ያው ወፍ ነው። ክንፍ አለው። በመስኮት ይመጣል።

«አያታቸው አገር» የሚለውን አንቺው ታውቂዋለሽ። አልወቅስሽም። ልባችሁ ተሰብሮ ሳለ ለአንዲት ፍሬ ልጅ ምን እንደምትሉ ጠፍቷችሁ ነው። ብዙ ቤት የሚባል ነገር ነው። ግን ልጆች የተባሉትን ያምኑና ይጠብቃሉ። ለበዓል አያቷ ጋ ስትሄዱ ያቺ የ5 ዓመት ልጅ ሕፃናቱን በየጓዳው ፈልጋ ይሆናል። አጥታቸው ስትመለስም ለማን ትናገረው?

አሁን ወደ መስኮቱ ልምጣ። ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

እህትየው ለምን መስኮቱን ከፈተች? አንቺ ያስፈራሽ ይሄ ነው፣ «ክፋት አለባት እንዴ?» ብለሽ የተጠራጠርሽ መሰለኝ። መልሱን ግን ራስሽ ከታች ጽፈሽልኛል። «ይቺ ልጅ እግሯ ደረቅ ነው» ተብሏል፣ በለቅሶ ቤት፣ ሰው ፊት። አምስት ዓመት የሞላት ልጅ በለቅሶ ቤት የት ትሆናለች? ከእናቷ ቀሚስ ሥር ናት። አልሰማችም ብለን ነው እንጂ ሰምታለች። «ከኋላዋ የሚመጣ አይበረክትም» ማለት በልጅ አማርኛ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» ማለት ነው። ይህን ይዛ አሥር ዓመት ኖራለች። ከዚያ ወንድሟ ተወለደ። እሱም ከኋላዋ የመጣ ነው። ማታ አልጋው አጠገብ ካልተኛሁ የምትለው ለዚህ ይመስለኛል። ዘብ ቆማ ነው የምታድረው።

ይሄ ቃል ከልጅሽ ላይ መነሳት አለበት። ልታነሺላት የምትችይውም አንቺ ነሽ፣ ምክንያቱም ሾተላይ ምን እንደሆነ አሁን እናውቃለን። ምናልባት ሐኪሞቹ በዚያ ጭንቀት መሃል በደንብ አላስረዱሽ ይሆናል። ለእሷ እንድትነግሪያት አድርጌ ልጻፍልሽ።

የሰው ደም ኤ፣ ቢ፣ ኦ ከሚባለው ሌላ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ ይባላል። አርኤች የሚሉት ነው። አብዛኛው ሰው ፖዘቲቭ ነው። እናት ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ከሆኑ ሕፃኑ የአባቱን ሊወስድ ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። በወሊድ ሰዓት ግን ትንሽ የሕፃኑ ደም ወደ እናቲቱ ደም ይገባል። የእናት ሰውነት ያንን ደም እንግዳ ነው ብሎ መከላከያ ያዘጋጃል። ልክ ጀርም ሲገባ እንደሚያደርገው ነው። በሚቀጥለው እርግዝና ሕፃኑ ፖዘቲቭ ከሆነ ያ መከላከያ ወደ ሕፃኑ ተሻግሮ የደም ሕዋሳቱን ይሰብራል። ሕፃኑ ደም ያንሰዋል። ቢጫ ይሆናል። ሲብስ ማህፀን ውስጥ እያለ ወይም እንደተወለደ ይሞታል። እናቶቻችን የመጀመሪያው ድኖ ተከታዮቹ ሲሞቱ አይተው ሾተላይ ያሉት ይህንን ነው። ያዩት ነገር እውነት ነበር። ምክንያቱን የሚያሳያቸው መሣሪያ ነው ያልነበራቸው።

እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፣ እህቴ። ይሄን ታሪክ በችኮላ ከነገርሻት «አዎ፣ የእኔ ደም ነው ያመጣው» ልትል ትችላለች። ቀድመሽ ንገሪያት። ማንም ሕፃን ሲወለድ ደሙን አይመርጥም። አንቺም የሰውነትሽን ሥራ አልመረጥሽም። ሰውነትሽ አንቺን ሊጠብቅ ብሎ ነው ያደረገው። ይሄ መከላከያ በውርጃም፣ ደም በመውሰድም ሊመጣ ይችላል። ከእግር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ጥፋተኛ የሌለው ነገር ነው። ይሄንን «ጥፋተኛ የለውም» የሚለውን ደጋግመሽ በያት። አንድ ጊዜ አይበቃም።

የእሷን የደም ዓይነት ካላወቃችሁ አስመርምሯት። የመጀመሪያዋ እሷ ከሆነችና ሾተላዩ በእሷ ወሊድ ጊዜ የጀመረ ከሆነ እሷ ፖዘቲቭ ናት ማለት ነው። ፖዘቲቭ ከሆነች ይህ የአርኤች ችግር በእሷ ልጆች ላይ አይደርስም። ይሄንን ወረቀት በእጇ ይዛ ማየቷ ምን ያህል ሸክም እንደሚያቀልላት አስቢ። በልቧ «እኔም ስወልድ ይሞቱብኛል» ብላ ፈርታም ይሆናል። ኔጌቲቭ ብትሆን እንኳ ዛሬ መርፌ አለ። በእርግዝና በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ይሰጣል። ሕፃኑ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። የሚሠራው መከላከያው ሳይጀምር ቀድሞ ከተወጋ ነው። ይህን የምታነቡ ሌሎች ነፍሰ ጡሮችም የመጀመሪያውን ልጅ ስታረግዙ የደም ዓይነታችሁን ጠይቁ። ውርጃ ቢያጋጥማችሁም ለሐኪም ንገሩ።

ልጅሽ ታሪክ ወዳጅ ናትና ይሄንንም ንገሪያት። ጄምስ ሃሪሰን የሚባል አውስትራሊያዊ ነበር። በ14 ዓመቱ፣ ማለትም ከእሷ በአንድ ዓመት ብቻ ሲያንስ፣ ትልቅ የደረት ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና በማያውቃቸው ሰዎች ደም ተረፈ። ስደርስ እኔም እሰጣለሁ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954፣ 18 ዓመት ሲሞላው ጀመረ። በኋላ ሲመረመር የሾተላይ መርፌ የሚሠራበት ነገር በደሙ ውስጥ በብዛት ተገኘ። እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ 1,173 ጊዜ ሰጠ። መርፌው ክንዱ ውስጥ ሲገባ ማየት ስለማይችል ሁልጊዜ ፊቱን ያዞር ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. በ88 ዓመቱ አረፈ። ይሄንን ሰው ባሰብኩት ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ሾተላይን ያቆመው ጦር የያዘ ጀግና አይደለም። ክንዱን ዘርግቶ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው።

ስለ ሰማያዊው መብራትም ንገሪያት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር፣ ሮችፎርድ በሚባል ሆስፒታል ሲስተር ዋርድ የምትባል ነርስ ነበረች። ሕፃናት ፀሐይና አየር ይፈልጋሉ ብላ ታምናለች። ፀሐይ ሲኖር ወደ ግቢው ታወጣቸዋለች። አንድ ቀን አንዱን ሕፃን ለሐኪሞቹ አሳየቻቸው። ፀሐይ ያገኘው ቆዳው ነጥቷል፣ አንሶላ የሸፈነው ቦታ ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ብርሃኑ ከቆዳ ሥር ያለውን ቢጫ ነገር ሰውነት ሊያስወግደው ወደሚችል መልክ እንደሚለውጠው ኋላ ታወቀ። የወንድሟ ሰማያዊ መብራት ከዚያች ግቢ የመጣ ነው። ወንድሟን ሊወስደው ሳይሆን ሊያቆየው የበራ መብራት ነበር። ይሄን ካወቀች በኋላ ያንን ሕልም እንዴት አድርጋ እንደምትጽፈው ለማየት እጓጓለሁ።

ስለ «ክፉ መንፈስ ነው ያጻፋት» ደግሞ እንነጋገር። ሃይማኖትሽን አከብራለሁ፣ እኔም ጸሎት አልተውም። ግን ክፉን መጻፍ ክፉን መጥራት ነው የሚለውን አልቀበልም። በእኛው አገር የተጻፈውን እዪ። የሰማዕቱን የሱስንዮስን ታሪክ ሰምተሻል? የአፄ ፋሲልን አባት ንጉሡን ማለቴ አይደለም፣ በፈረስ ላይ ሆኖ ጦር ይዞ የሚሣለውን ማለቴ ነው። ሕፃኑን ወርዘልያ የምትባል ክፉ ሴት ገደለችበት። ሚስቱ እያለቀሰች ነገረችው። ፈረሱን ጭኖ ፍለጋ ወጣ። መንገድ ላይ አሮጊት ጠየቀ። አገኛትና ወጋት። ወርዘልያም ስምህ ባለበት አልደርስም ብላ ማለች። በአንዳንዱ ቅጂ ይቺ ወርዘልያ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? የገዛ እህቱ ናት።

ይሄ ከልጅሽ ደብተር በምን ያንሳል? ሕፃን አለ፣ እህት አለች፣ ሌሊት የምትመጣ ሴት አለች። አባቶች ይሄንን ታሪክ ብራና ላይ ጽፈውታል። ልጅ የሞተባት ሴት በራሷ ቁመት ልክ አስለክታ ታስጽፍ ነበር። በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጻፋል። ትልልቅ ዓይኖች ይሣሉበታል። የክርስትና ስሟ መሃሉ ላይ ይገባል። ጠቅልላ በቆዳ ማኅደር ታደርገውና አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ስለ ክታብ ቤተ ክርስቲያን የምትለው አላት፣ እሱን ለንስሐ አባትሽ እተወዋለሁ። እኔ የማወራው ስለ እነዚያ ሴቶች ልብ ነው። ልጃቸውን የሚወስደው ነገር ስሙ ሲታወቅ፣ ታሪኩ ሲጻፍ ኃይሉ ይቀንሳል ብለው ያምኑ ነበር። ልጅሽ ይሄንን አንብባ አይመስለኝም። ያው ፍርሃት ግን ያው ነገር ላይ አድርሷታል። ለወንድሟ ባለ መቶ ሉክ ጽፋለታለች።

የክርስትና ስሙን ነገርም ልብ አልሽው? ክፉ እንዳያገኘው ብለን የልጆቻችንን የክርስትና ስም የምንደብቅ ሕዝብ ነን። ልጅሽ ይሄን ወስዳ የታሪኩ ቁልፍ አደረገችው። ሴትየዋ በርም መስኮትም አያቆማትም። የቀራት ስሙ ብቻ ነው፣ ስሙን የምታውቀው ደግሞ እህቱ ናት። ይሄን ያሰበች የ15 ዓመት ልጅ ጎበዝ ናት። ከልቤ ነው የምልሽ። አስፈሪ ታሪክ ብዙ አንብቤያለሁ። ደም የሚያፈሰው ቶሎ ይረሳኛል። የሚቀረው አንድ ሰው የሚወደውን ለማዳን አንድ ነገር አለመናገር ሲኖርበት ነው።

የራሴን ልንገርሽ። ልጅ ሆኜ አያቴ ማታ እሳት ዳር የጭራቅ ተረት ታወራልን ነበር። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» እንላለን። ተረቱ ሲያልቅ ታናሽ ወንድሜ ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ ግን አልተኛም። ጭራቁ ይወስድብኛል ብዬ የእሱን እግርና የእኔን እግር በአያቴ መቀነት አንድ ላይ አስሬ ነበር የማድረው። አንድ ሌሊት ሽንት ይዞት ሲነሳ ሁለታችንም ወደቅን። አያቴ ኩራዝ ይዛ መጣች። መቀነቷን አየች። አልተቆጣችም። ፈታችውና «እኔስ ምን ልሠራ በር ላይ የተኛሁ ይመስልሻል?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ተኛሁ። ተረቱንም አላቆመችም፣ እኔም እንድታቆም አልፈለግኩም።

ልጅሽም የምትፈልገው እንደዚያ ይመስለኛል። በር ላይ ሌላ ሰው እንዳለ ማወቅ።

እንግዲህ እንዴት ትጀምሪ? መጀመሪያ ደብተሩን ማንበብሽን ንገሪያት። ከባድ ነው፣ ግን ሳትነግሪያት ብትቀሪ አንድ ቀን ታውቀዋለች። ያኔ ሁለተኛ አትጽፍም፣ ወይም ጽፋ ሌላ ቦታ ትደብቃለች። «አንሶላ ስቀይር አገኘሁት፣ ሳልጠይቅሽ አነበብኩት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» በያት። እናት ልጇን ይቅርታ መጠየቋ ክብሯን አይቀንሰውም። ልትቆጣ ትችላለች። ትቆጣ። ሁለት ቀን ልታኮርፍ ትችላለች። ጠብቂያት።

ከዚያ ትንሹ በሌለበት ጊዜ ቡና አፍልተሽ አስቀምጫት። ስለ ሁለቱ ሕፃናት ንገሪያት። ወንድ ነበሩ ሴት፣ ምን ይመስሉ ነበር፣ የት እንደተቀበሩ። ስም አውጥታችሁላቸው ከነበረ ስማቸውን ንገሪያት። ስታለቅሺ ብታይሽ አትፍሪ። እስከ ዛሬ ብቻዋን ያለቀሰችውን አብራችሁ ብታለቅሱት ይሻላል። መቃብራቸውን ማየት ከፈለገች ውሰጃት። «አያትሽ ጋ» ያላችሁት ለምን እንደሆነም ንገሪያት። ትረዳሻለች። ልጆች እውነቱን ከሰሙ በኋላ የሚያሳዩት ርኅራኄ ብዙ ጊዜ አስገርሞኛል።

አባቷም አንድ ሥራ አለው። እህቱ የተናገረችውን ቃል እሱ ነው ማንሳት ያለበት። አንቺ ብትናገሪ ጠብ ይሆናል። እሱ እህቱን ለብቻዋ ወስዶ «ልጄን እግረ ደረቅ ያልሽው ስህተት ነው፣ ነገሩ የደም ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛ በቤቴ እንዳትይው» ይበላት። ለልጅቷም በራሱ አፍ «ያ ቃል ሐሰት ነው» ይበላት። ከአባት ስትሰማው ሌላ ነው።

ጸበል መሄድ ከፈለጋችሁ ሂዱ። ግን ቤተሰቡ በሙሉ ለበረከት ይሂድ። «የያዘሽ ነገር አለ፣ ይልቀቅሽ» ብለሽ ብቻዋን አትውሰጃት። እግሯ ደረቅ ነው በተባለችው ላይ ደግሞ «መንፈስ አለባት» ከተጨመረ ያንን ከላይዋ ማውረድ ከባድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይንሽ ተከታተዪ። መብላትና መተኛት ካቆመች፣ ትምህርቷ በድንገት ከወደቀ፣ ሴትየዋን ደብተሩ ላይ ሳይሆን በእውን አየኋት፣ ሰማኋት ካለች፣ ወይም ራሷን ስለመጉዳት ከተናገረች ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ውሰጃት፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያያት ጠይቂ። እስካሁን የነገርሽኝ ግን እንደዚያ አይደለም። የምትበላ፣ የምትስቅ፣ የምትማርና የምትጽፍ ልጅ ናት።

ወንድሟ አጠገብ መተኛቷን አሁን አትከልክያት። የሚቀርበት ጊዜ ይመጣል፣ እሷ ራሷ ትተወዋለች። ለትንሹ ግን ደብተሩን አታንብቡለት። 7 ዓመቱ ነው፣ ይደርሳል። ሲያድግ እህቱ ፈቅዳ ብትሰጠው ደስ ይለኛል።

ታሪኩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አደራ። መጨረሻውን እንዲህ አድርጊው አትበያት። «ሴትየዋ ትሙት»፣ «መልአክ ይምጣ»፣ «ሕልም ነበር በያቸው» አትበያት። መስኮቱን የከፈተችው እሷ ናት፣ የሚዘጋውን እሷ ትፈልገው። ልትጠይቂያት የምትችይው አንድ ጥያቄ አለ፣ ማንኛውም አንባቢ የሚጠይቀው። «ከዚያስ? ስሙን ነገረቻት?»

ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት። ስምንት ሉክ ነው የቀረው ብለሻል። እንደማያበቃት አሁኑኑ እነግርሻለሁ። ነገ ገበያ ስትወጪ ሌላ ባለ መቶ ሉክ ግዢላት፣ ፍራሹ ሥር ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪላት።